ቲማቲሙ እስኪያልቅ

ሾፌር ያገባች ሴት ማታ ቤቷ ምን ተጭኖ እንደሚመጣ አታውቅም። ባሌ አንድ ጊዜ ብሎኬት በራችን ላይ አራግፎብኛል፤ ሌላ ጊዜ ባለቤቱ የጠፋ ፍራሽ ይዞ ገብቶ ሳሎን ውስጥ አቆመብኝ። የዚያን ማክሰኞ ያመጣው ቲማቲም ነበር። ተረካቢው «በጣም በስሏል፣ አልቀበልም» ይለዋል፤ ላኪው ደግሞ በስልክ «እንግዲህ እንደፈለግህ አድርገው» ይለዋል። እንደፈለገ አደረገዋ! ሳጥን በሳጥን ላይ ደራርቦ ኩሽናዬን ሞላና እጁን አራግፎ «ስጦታ ነው» አለኝ።

«ምን ዓይነት ስጦታ? ይሄ እኮ ከነገ ወዲያ ውሃ ነው የሚሆነው።»

«ሾርባ ትወጂ የለ?» ብሎኝ ሊተኛ ገባ። በማግስቱ ማለዳ ተነስቶ ረጅም መንገድ ወጣ፤ እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ አይመለስም። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብላ የተረተችው ሾፌር ያገባች ሴት ሳትሆን አትቀርም።

ቤት የቀረነው እኔና አባባ ነን። አባባ የባሌ አባት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቧንቧ ሲገጥሙና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ቁመታቸው አጭር ነው፤ እጃቸው ግን ከሌላ ግዙፍ ሰው የተዋሱት ይመስላል። ብዙ አይናገሩም። ጠዋት ስወጣ «በሰላም ዋይ» ይሉኛል፤ ማታ ስገባ ሻይ አፍልተው ይጠብቁኛል። እኔ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ጉንጩን ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጥርሱን ያሳመምኩት እኔ ይመስል ዓይኑን ሲያጉረጠርጥብኝ፣ «አይዞህ፣ ቀጥሎ አንተ ነህ» ስል ነው የምውለው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ምንም ሳይጠይቁ ሻይ የሚቀዱልኝ አባባ ናቸው። እወዳቸዋለሁ። እንዲህ ብዬ ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ምራት ለአማቷ እንዲህ ያለ ነገር ምን ብላ ትጀምራለች?

ችግሩ ዳይሬክተሯ ናት። ዳይሬክተሯ የባሌ ታላቅ እህት ነች፤ ሌላ ከተማ ትልቅ ትምህርት ቤት ታስተዳድራለች። በስልክ ስታናግርሽ እንኳ ሳይታወቅሽ ከወንበርሽ ተነስተሽ ቀጥ ብለሽ ትቆሚያለሽ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን እንዴት በቀለለኝ! «አባዬ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ግድግዳ ሲያይ ይውላል፣ እኔ ጋ ግቢ አለ፣ ሰው አለ፣ ሐኪም ቤቱም ቅርብ ነው» ብላ አንድ ክፍል ቀለም አስቀብታ፣ አልጋና ወንበር ገዝታ ጨረሰች። ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔን ያበሳጨኝም ይኸው ነው። አባባን ስትጠይቃቸው «እንዳልሽ ልጄ» አሏት። ባሌን ስጠይቀው «እሱ ካለ ምን ይደረጋል» አለኝ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሴት ልጃቸው እያለች ምራቲቱ «አይሄዱም» ብላ በር ላይ ብትጋደም ሰው ምን ይላል? ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ቅዳሜ መጥታ ልትወስዳቸው ነበር።

ረቡዕ ማታ ስትደውል አባባ ስልኩን ይዘው ኩሽናው በር ላይ ቆመዋል። ሳጥኖቹን አዩ፤ ቀጥለው እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ሳጥኖቹ ላይ ያፈጠጥኩትን እኔን አዩ።

«ቅዳሜ አልደርስም ልጄ» አሏት። «ይህቺን ልጅ በዚህ ሁሉ ቲማቲም መሀል ጥያት ልሂድ? ነውር ነው። ቲማቲሙ ሲያልቅ እመጣለሁ። ቃሌ ነው።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?» የሚለው የዳይሬክተሯ ድምፅ ለእኔም ተሰማኝ።

«እሱን ቲማቲሙ ያውቃል።»

ለፈተና ሰዓት እንደሚጨመር ሁሉ ትንሽ ቀን ጨመረችልን።

እሺ፣ ያን ሁሉ ቲማቲም ምን ይደረጋል? ፍሪጃችን ሁለት ድስት ከገባበት በሩ አይዘጋም። ለጎረቤት አደልኩ፤ ጎረቤቶቼም ከሁለተኛው ዙር በኋላ ሲያዩኝ መንገድ መቀየር ጀመሩ። ከዚያ ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ነርስ በጠርሙስ አሽጎ ማቆየት የሚባል ነገር እንዳለ ነገረችኝ፤ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ከፈትኩ። የቪዲዮዋ ሴትዮ ነጭ ሽርጥ ታጥቃ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ «እጅግ በጣም ቀላል ነው» ብላ ጀመረች። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ቲማቲሙን የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር አድርገሽ ልጣጩን ትገፊያለሽ፤ ታበስይዋለሽ። ጠርሙሱን በሙቅ ውሃ አጥበሽ በትኩሱ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ታደርጊበታለሽ፤ ቲማቲሙን ትጨምሪና ከአፉ በታች የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ባዶ ትተይለታለሽ። ከንፈሩን በንጹህ ጨርቅ ጠርገሽ ትከድኛለሽ። ከዚያ ጠርሙሱን እንዳለ ውሃ በሞላው ትልቅ ድስት ውስጥ ትቀቅይዋለሽ። አውጥተሽ ሳትነካኪው ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል፤ ለወራት ይቀመጥልሻል። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ስትሠራ ሽርጧ ላይ አንዲት ነጠብጣብ እንኳ አልወደቀባትም። ጤነኛ ሰው ናት ብዬ አላምንም።

ሐሙስ ከሥራ መልስ ጠርሙስና ክዳን ገዝቼ ገባሁ። አባባ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲልጡ ውለዋል፤ ልጣጩ በአንድ ባልዲ፣ ቲማቲሙ በሌላ ዕቃ፣ ሁሉም ሥርዓት ይዟል። ሥርዓቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ለመቸኮል ብዬ ጠርሙሷን በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አደረግኋትና የሚንተከተከውን ቲማቲም በጭልፋ ገለበጥኩባት። ቋ! አለች። ከታች ተሰንጥቃ ቀይ ነገር ምድጃው ላይ፣ መሳቢያው ውስጥ፣ ጫማዬ ላይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ መልቀሙ እንኳ ባልከፋ፣ መሳቢያ ሙሉ ማንኪያ ማጠብ ነው እንጂ!

አባባ ሳቁ። ያውም ፈገግታ አይደለም፤ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ተቆጥቼ ልናገር ነበር፤ አፌን ከፍቼ እኔም ሳቅሁ።

«ልጄ፣ የጋለና የቀዘቀዘ በድንገት አይገናኝም» አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ። «ቦይለር የሚያህል ነገር እንኳ በዚህ ይሰነጠቃል።»

መክደኑን ለእሳቸው ሰጠኋቸው፤ የእኔ ሁለተኛ ስህተት። መሳቢያውን ሳጸዳ ዞር ብል፣ ትልቁን የቧንቧ መፍቻ ከአልጋቸው ሥር አውጥተው ክዳኑን በእሱ እያጠበቁት ነው። ፊታቸው ቀልቷል።

«አባባ! በጣት ብቻ ነው የተባለው! ላላ ተደርጎ!»

«ላላ ያለ ነገር ያንጠባጥባል።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። ድስቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ እነዚያ በመፍቻ የተጠበቁ ክዳኖች አንድ በአንድ ጎብጠው፣ ተጣመው ወጡ። አባባ አንዱን አንስተው በብርሃን ደጋግመው አገላብጠው አዩት።

«አሃ!» አሉ በመጨረሻ። «ሲፈላ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ይፈልጋል። እኔ መውጫ ከለከልኩት። መውጫ ካገኘ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውስጡ ባዶ ስለሚሆን ክዳኑ ይመጠጣል። ከላይ የሚጫነው የውጭው አየር ነዋ! ያኔ ማን ይከፍተዋል?» ጣታቸውን መዳፋቸው ላይ ጫን እያደረጉ አሳዩኝ። ሴትዮዋ በአንድ ቪዲዮ ያላስረዳችኝን አባባ በአንድ የተጣመመ ክዳን አስረዱኝ።

የተጣመሙትን ጥለን በአዲስ ክዳን ከደንን፤ ይህን ጊዜ በጣት። ቀቅለን ስናበቃ ፎጣ ላይ ደርድረናቸው ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። ብዙም ሳይቆይ አንዷ «ጥ» አለች። ክዳኗ መሀሉ ስርጉድ አለ። አባባ እጄን ያዝ አደረጉ። «ጥ» አለች ሌላይቱ። ልክ ልጅ የተወለደልን ይመስል ተያየን። ለባሌ ደውዬ ድምፁን ላሰማው ብል «ምንድነው የሚጮኸው? መብራት ተበላሸ?» አለኝ። ሾፌር!

ዓርብ ማታ ከሥራ ገብቼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወደ ጠርሙሶቼ ሄድኩ። የአንዷን ክዳን መሀሉ ላይ ጫን አደረግሁት። ወደ ታች ወረደና ተመልሶ ነጠረ። ሁለተኛይቱም እንዲሁ። ሁሉም።

«አባባ፣ ማታ ታሽገው አልነበረም እንዴ?»

አባባ ሻይ እየቀዱ ነበር። «ታሽገው ነበር» አሉ። «ጥሩ ሥራ ነው። ሁሉንም ከፍቼ አየኋቸው።»

«ምን አደረጓቸው?»

«ፈተንኳቸዋ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳልፈትን ያስረከብኩት ሥራ የለም። አንዷም አልላላችም፣ ሁሉም ቷ እያሉ ነው የተከፈቱት። ከዚያ መልሼ ከደንኳቸው።»

እጄን በአፌ ጫንኩ። መልሰው ከደኗቸው! ከተከፈተ በኋላ መክደን ምን ይፈይዳል? ይህን ብዬ ልጮህ ስል፣ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰጡኝ። ሻዩን ጠጣሁ። ከዚያ ሁሉንም ወደ ድስት ገልብጠን አፈላን፤ ጠርሙሱን አጠብን፤ አዲስ ክዳን ልገዛ ወረድኩ።

«ትናንት የወሰድሽውስ?» አለኝ ባለሱቁ።

«አለቀ።»

«ክዳኑንም ትበሉታላችሁ እንዴ?»

ቅዳሜም ክሊኒክ ገብቼ ስመለስ ያው ነው። አባባ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን ያያሉ። «አንዷን ብቻ ልያት አልኩ» አሉ። «አንዷን ካየሁ ደግሞ ሌሎቹስ አልኩ።»

«አባባ፣ የሚፈትኑት ክዳኑን ነው ወይስ የእኔን ትዕግስት?» አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። አንገታቸውን ደፉ። እኔም ወዲያው ዞሬ ድስቱን ማንኳኳት ጀመርኩ፤ ሰው ይቅርታ ለማለት ሲያፍር ድስት ያንኳኳል። ንዴቴ በረድ ሲልልኝ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ቲማቲሙ አላለቀም ማለት ነው። ካላለቀ አይሄዱም። በልቤ ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ እያለ ፊቴን አጨማድጄ ክዳን ልገዛ ወረድኩ። ሰው መሆን ጉድ ነው።

እንዲህ እያልን ሳምንቱን ገፋነው። እሽግ፣ ክፍት፣ እሽግ፣ ክፍት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኛ ግን ቁጭ ብለን፣ ተረጋግተን፣ በሰዓት ይዘን አሽገን ነው የሚፈታብን። ቲማቲሙ በፈላ ቁጥር እየወፈረ፣ እየጠቆረና እያነሰ ሄደ። እኛ ደግሞ በዚያው ልክ ወሬያችን በዛ። እሱ ድስት ላይ ሲንተከተክ አባባ ያወራሉ። አንድ ሆቴል ውስጥ የሙቁንና የቀዝቃዛውን ቧንቧ አገላብጠው ገጥመው፣ ሥራ አስኪያጁ ገላውን ሊታጠብ ገብቶ ጩኸቱን ሲያቀልጠው «ምን ሆኑ ጌታዬ?» ብለው መጀመሪያ የሮጡት እሳቸው እንደነበሩ ነገሩኝ። ሚስታቸውን እንዴት እንዳገኟቸው ነገሩኝ፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሊሠሩ ሄደው ነው፤ ጠግነው ሲያበቁ ትንሽ አላልተውት ወጡ፣ በማግስቱ ተመልሰው እንዲጠሩ። እኔም ክሊኒኩን ነገርኳቸው፤ ማደንዘዣ ፈርቶ በመስኮት ሊወጣ ሲል ቀበቶው የመስኮቱ መያዣ ላይ ተሰክቶ የቀረውን ወታደር። አብረን በኖርንበት ዓመት ሁሉ ካወራነው ይልቅ በዚያ ሳምንት ያወራነው ይበልጣል።

ዳይሬክተሯ በየማታው ትደውላለች። «አለቀ?» አላለቀም። «እንዴት አያልቅም?» አባባ ስልኩን ለእኔ ያቀብሉኛል፤ እኔ ሳላውቀው ቀጥ ብዬ ቆሜ «ትንሽ የክዳን ችግር ገጥሞን ነው እትዬ» እላለሁ።

በሳምንቱ ዓርብ ትዕግስቷ አለቀ። ከሥራ ስመለስ መኪናዋ በር ላይ ቆሟል። እሷ ኩሽናዬ መሀል ቆማ፣ ቦርሳዋ ክንዷ ላይ፣ ወለሉን፣ ድስቱን፣ የተጣለውን የክዳን ክምር ተራ በተራ ታያለች። አባባ አጠገቧ ቆመዋል፤ ቢሮ የተጠሩ ተማሪ መስለዋል።

«ይሄ ነው ከሳምንት በላይ የያዛችሁ?» አለችን።

«ቀላል ነገር አይደለም እኮ እትዬ» አልኩ።

ቦርሳዋን ሰቀለች። ጫማዋን አወለቀች። ፀጉሯን በሻርፕ አሰረች። «አንቺ ጠርሙስ፣ አባዬ ጨርቅ፣ እኔ ምድጃ» አለች፤ አለቀ። ቪዲዮውን አንዴ ብቻ አየችው፤ ሁለት ቦታ ላይ ሴትዮዋን አረመቻት። ደቂቃ ይዛ፣ ጣት ለክታ፣ እኛን እያዘዘች፣ እየተቆጣች፣ መሀል ላይ ደግሞ ሳታስበው እያንጎራጎረች ጨረሰችው። ከዚያ ሁሉ ሳጥን የተረፈን መደርደሪያው ላይ አንድ አጭር ረድፍ ነበር። ራት ስንበላ «ጥ፣ ጥ» እያሉ ታሸጉ። ተነስታ በየጠርሙሱ ላይ ወረቀት ለጠፈችባቸው፤ «እንዳይከፈት! አባዬ በተለይ!»

«ነገ ጠዋት እንወጣለን» አለች ቀጥላ። «ማለዳ ነው የሚሻለው፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ።»

አባባ ጎረሱ። አኘኩ። «እንዳልሽ» አሉ።

ሳህኖቹን አንስቼ ወደ መታጠቢያው ዞርኩ። ሽንኩርት እንኳ አልነበረም፣ በሽንኩርት እንዳላሳብብ። ውሃውን ከፍ አድርጌ ከፈትኩት፤ ውሃ ሲጮህ አፍንጫ መጥረግ አይሰማም። ልንገራቸው አልኩ። ምን ብዬ? ልጃቸው አባቷን ልታስጠጋ ከዚያ ድረስ መጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ ከእኔ ጋር ስትሠራ አምሽታ፣ እኔ ምን ቆርጦኝ? ሳህኑን ሁለት ጊዜ አጠብኩት።

ጠዋት ቀድሜ ተነሳሁ፤ ቁርስ ልሠራላቸው። ኩሽና ስገባ አባባ ቀድመውኛል። ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው፣ መደርደሪያው ፊት ቆመዋል። በዚያ ትልቅ እጃቸው አንዲት ጠርሙስ ይዘዋል።

«አባባ!» አልኩ በሹክሹክታ።

«አልከፈትኳትም» አሉ ደንግጠው። «ጫን ጫን ነው ያደረግኳቸው። ሁሉም ታሽገዋል።»

ወደ ጠርሙሷ አየሁ። ወደ እሳቸው አየሁ። «በጣት ጫን ሲደረግ ይታወቃል ማለት ነው?»

«ታዲያ በምን ሊታወቅ ነው?» አሉ ሳያስቡት፣ የሥራቸውን ነገር የተጠየቁ ያህል። ከዚያ ያሉት ነገር ለራሳቸው ተሰማቸው፤ ጠርሙሷን ቀስ ብለው አስቀመጧት።

«ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር?»

«እኔው አይደለሁ እንዴ አየር እንዴት እንደሚጫነው ያስረዳሁሽ?»

«ታዲያ ለምን ይከፍቷቸዋል?»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። መዳፎቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ቲማቲሙ ሲያልቅ እመጣለሁ ብዬ ለልጄ ቃል ሰጠሁ። ቃሌን አላጥፍም። ስለዚህ ቲማቲሙ እንዳያልቅ አደረግሁ።»

እኔም ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። «አባባ፣ መሄድ አልፈልግም ማለት እኮ ይችሉ ነበር!»

«ለማን?» አሉ። «እሷ ክፍል ቀለም ቀብታ፣ አልጋ ገዝታ ጠበቀችኝ። ልጄ 'እሱ ካለ' አለ። አንቺም ዝም አልሽ።» ጉልበታቸውን አሻሹ። «ሽማግሌ በሰው ቤት ሲኖር ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፣ ልጄ። ልሄድ ነው ስል አይሂዱ ያለኝ የለም። ይሂዱልን ነው ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩት፤ አልከፋኝም፣ ብዙ ቆይቻለሁ። ብቻ ቲማቲሙ እስኪያልቅ ካንቺ ጋር ልሁን አልኩ።»

ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ውሸቱን ነው። የእኔ ዝምታ በእኚህ ሰው ሆድ ውስጥ ስንት ቀን ሲነቅዝ ከርሟል! ሻዩን በሁለት እጃቸው እያቀበሉኝ፣ ቀልድ እየነገሩኝ፣ «ይሂዱልን ትላለች» እያሉ ከርመዋል።

«አባባ፣ አይሂዱብኝ» አልኩ። እንዴት እንደምጀምረው ሳስብ የኖርኩት ነገር መጀመሪያ አልነበረውም፤ ዝም ብሎ ወጣ። «እወድዎታለሁ። ማታ ስገባ እርስዎ ከሌሉ ይሄ ቤት ምኔ ነው? ሴት ልጅዎ አይደለሁም ብዬ ነው ዝም ያልኩት፤ ምን መብት አለኝ ብዬ ነው። አይሂዱብኝ።»

አባባ አንገታቸውን ደፍተው በዚያ ትልቅ እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

በሩ ላይ የመኪና ቁልፍ ተንቃጨለ። ዳይሬክተሯ ነች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም፤ ፊቷን ሳየው ግን ሁሉንም እንደሰማች ገባኝ። ሁለታችንም ሳናውቀው ከወንበራችን ተነሳን። ቀጥ ብላ ወደ መደርደሪያው ሄደች፤ ትናንት በገዛ እጇ ሞልታ፣ በገዛ እጇ ወረቀት ከለጠፈችባቸው አንዷን አነሳች። ክዳኑን ያዘችና ጠመዘዘችው። ቷ! አለ።

«አላለቀም» አለች። የዳይሬክተር ድምፅ አልነበረም። ክዳኑን በእጇ እንደያዘች አባቷ ትከሻ ላይ ግንባሯን አሳረፈች። «ለምን አልነገርከኝም አባዬ? እኔ እኮ ብቻህን ሆነህ የተከፋህ መስሎኝ ነው። አንድ ቀን እንኳ ቤቴ እንድትስቅ ፈልጌ ነው።»

«እመጣለሁ ልጄ» አሏት ጀርባዋን እየዳበሱ። «እየመጣሁ አይሽ የለ? ቀለሙንም አየዋለሁ።»

«ትመጣለህ፤ ግን ልትጠይቀኝ ነው የምትመጣው» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች፤ ትእዛዝ መስጠት ስትጀምር ትንሽ ተረጋጋች። «አሁን ኮትህን አውልቅ።»

አባባ ግን የኮታቸውን ቁልፍ ይዘው እኔን አዩኝ። ልጃቸው አውልቅ ብላቸው እያለ፣ የሚጠብቁት የእኔን ቃል ነበር።

«ያውልቁት አባባ» አልኩ።

አወለቁት። ተቀብያቸው በሩ ጀርባ፣ ከእኔ ኮት አጠገብ ሰቀልኩት።